የሌውኮን የጭቃ ፊቶች

በዴሎስ መሞት ክልክል ነው። መውለድም እንዲሁ። ደሴቲቱ አፖሎን የተወለደባት ቅድስት መሬት ስለሆነች፣ ምጥ የያዛት ሴትም ሆነች ጣር ላይ ያለ ሰው በጀልባ ተጭነው፣ ጠባቡን ባሕር ተሻግረው ወደ ሬንያ ይወሰዳሉ። ሰው እዚያ ይወለዳል፣ እዚያ ይሞታል፣ እዚያው ይቀበራል። የሕሙማኑ ጀልባ ጥቁር ቀለም የተቀባች ናት። ስታልፍ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይሰበስብላታል፤ ነጋዴውም ጭቅጭቁን ያቋርጣል። በውስጧ የተኛውን ሰው ገልጦ ማየት ነውር ነው።

ቀራጺው ሌውኮን ሚስቱን ሚርታሌን ለወሊድ ያሻገራት በዚህች ጀልባ ነበር። ወንድ ልጅ ታቅፈው ተመለሱ። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ትኩሳት ያዘውና በዚያችው ጀልባ ሄደ፤ አልተመለሰም። ጎረቤት ሊያጽናና ሲመጣ ሌውኮን «ፈጣሪ አራት ዓመት ሙሉ ሰጥቶኝ ነበር እኮ» ይል ነበር።

ሌውኮን የተወለደው በፓሮስ ደሴት ነው፤ አባቱ እብነ በረድ ፈላጭ ነበር። ጢም ሳያበቅል ኤርጊኖስ ለሚባል ሽማግሌ ቀራጺ ተሰጠ። ኤርጊኖስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ልክን ነበር። ራስ ከቁመት ስንት እጅ እንደሆነ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ ስንት ጣት እንደሚሄድ፣ ከንፈር ምን ያህል ገርበብ እንደሚል።

«ፊት የማንም አይደለም» ይል ነበር ኤርጊኖስ። «ሰውየው አፍንጫው ጠማማ ቢሆን የራሱ ጉዳይ ነው። አንተ የምትቀርጸው አማልክት ሊፈጥሩት ያሰቡትን ነው፤ እጃቸው ተንቀጥቅጦ የሠሩትን አይደለም።»

ሌውኮን ይህን አመነ። ዴሎስ መጥቶ ሱቅ ከከፈተ በኋላም ለዓመታት ያንኑ ቅንድብ፣ ያንኑ አፍንጫ፣ ያንኑ ከንፈር ቀረጸ። ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ እጁ መንገዱን አይስትም ነበር። ልጁ በሞተ ጊዜ የመቃብሩን ድንጋይ የቀረጸው በዚሁ ልክ ነው። ሬንያ ላይ ካቆመው በኋላ ቆሞ አየው። ቆንጆ ልጅ ነው። ግን የእሱ ልጅ አልነበረም። ይህን ለሚርታሌ አልነገራትም። እሷም አልነገረችውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን መቃብሩ ዘንድ ስትሄድ ድንጋዩን ትታ አፈሩን ነበር የምታየው።

ከዚያ ትሬቢዩስ መጣ።

ስታዩስ ትሬቢዩስ ከጣልያን መጥቶ በወይራ ዘይት ንግድ የከበረ ሰው ነው። ራሱ መላጣ፣ ጆሮው ሰፊ፣ ከአፍንጫው ጎን ኪንታሮት ያለበት፣ ጉንጩ በሁለት ጥልቅ መስመር የታረሰ። ዘይት ነጋዴዎቹ በደሴቲቱ ባለው የጣልያኖቹ ገበያ ውስጥ ሐውልት ሊያቆሙለት ተስማምተው ነበርና ሊነጋገር ወደ ሌውኮን ሱቅ ገባ። ሳይጋበዝ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ገላውን እንደናንተ ልማድ አድርገው» አለ። «የሚሮጥ ጎረምሳ ይሁን። ራቁቱን ቢሆንም ግድ የለኝም።»

«ፊቱስ ጋሼ?»

«ፊቱማ እኔ ነኝ። ማን ሊሆን ነበር?»

«ማለቴ… ትንሽ ባለሰልሰው። ይህን መስመር፣ ይቺን ኪንታሮት…»

«ንካትና እጅህን አልምርልህም! ይቺ ኪንታሮት የአባቴ ናት። የአባቴም አባት ነበረችው። ቤታችን ውስጥ በሰም የተቀዳ ፊታቸው ተቀምጧል። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ያን ሰም ያጠለቁ ሰዎች ከአስከሬኑ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ አያት ቅድመ አያቶቻችን ልጃቸውን ሊቀብሩ መጡ ማለት ነው። ይህን መስመር ደግሞ ማን እንዳረሰው ታውቃለህ? መርከቤ የሰጠመች ዓመት ነው። ስንት ከፍዬበታለሁ! አንተ በነፃ ልታጠፋው?»

ትሬቢዩስ ሲወጣ ከጓዳ ሆና የሰማችው ሚርታሌ ብቅ አለች።

«ከአንገት በላይ አያት፣ ከአንገት በታች የልጅ ልጅ! ሴት ብታየው ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች?»

«ዝም በይ አንቺ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ። በዚያ ጆሮው ሮማ ሆኖም ይሰማል።»

ሥራው እንደታሰበው አልቀለለም። ሌውኮን በቅድሚያ በጭቃ ሲሠራው እጁ በራሱ ጊዜ አፍንጫውን ያቃናዋል፣ ጉንጩን ይሞላዋል። ትሬቢዩስ ተነሥቶ ያየውና «ይህ የአፖሎን አፍንጫ ነው፤ መልስለትና የኔን አምጣ» ይላል። ሌውኮን እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን፣ ትሬቢዩስ በርጩማው ላይ እንዳለ አሸልቦት ሳለ፣ የሌውኮን አውራ ጣት ያን የጉንጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ወደ ኋላ ብሎ አየው። ጭቃው ትሬቢዩስ ሆኗል። ሌውኮን ተቀምጦ አለቀሰ። በሕይወቱ ሰውን አይቶ የማያውቅ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ጣልያኖችም ወደ እሱ መጉረፍ ጀመሩ። ለእያንዳንዱ በቅድሚያ የጭቃ ራስ ይሠራል፤ ጭቃው ሳይተኮስ ደርቆ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። እብነ በረዱ በመርከብ ወደ ጣልያን ቤታቸው ይላካል፣ ጭቃው ከሌውኮን ጋር ይቀራል። በዓመታት ውስጥ የገበያው ሽማግሌዎች በሙሉ መደርደሪያው ላይ ተሰለፉ፤ አንዱ ጥርሱ የወለቀ፣ አንዱ ዓይኑ የተንሸዋረረ፣ አንዱ አገጩ የተደራረበ። ሠፈርተኛው «የሌውኮን ሸንጎ» ይለው ነበር። ትሬቢዩስም ልማድ ሆኖበት፣ ሐውልቱ ካለቀ በኋላም በየቀኑ እየመጣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይከራከረው ነበር።

ሄርማዮስ የሚባለው እንግዳ የመጣው በጸደይ ነው። ግሪክኛው የጠራ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ከምሥራቁ ንጉሥ ቤት ነኝ አለ። ያ ንጉሥ ከሮማ ጋር እንደተጣላ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ነገሥታት መቼ ተስማምተው ያውቃሉ? እንግዳው በጣልያኖቹ ገበያ ከሐውልት ወደ ሐውልት ሲዞር ዋለና ወደ ሌውኮን ሱቅ መጣ። መደርደሪያው ፊት ቆሞ ራሶቹን አንድ በአንድ አየ።

«ይህን ሰው» አለ በመጨረሻ፣ ወደ አንዱ ጭቃ እያመለከተ፣ «አሁን ስመጣ በለስ ሲገዛ አየሁት። ስሙን አላውቅም። ጭቃህ ግን አስተዋወቀኝ።»

ሌውኮን እንዲህ ያለ ምስጋና ከሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ ቀላ።

«ሁሉንም እወስዳቸዋለሁ» አለ ሄርማዮስ። «ንጉሡ የሰው ፊት ይወዳል።»

«ያልተተኮሰ ጭቃ ነው ጌታዬ። ልተኩሳቸው እንዴ?»

«ተዋቸው። እሳት ያጣምማል ይላሉ። እንዳሉ ይቆዩኝ፤ ከመርከቦቼ ጋር እመለሳለሁ። አንድም እንዳይጎድል።» ፈገግ አለ። «ቤትህን አውቄዋለሁ። ሚስትህንም።»

እንግዳው ሲሄድ ሌውኮን ደስታው አላስቀምጥ አለው። «ጭቃዬ ቤተ መንግሥት ሊገባ ነው!» አለ። «ፈጣሪ ሲክስ እንዲህ ነው።»

ሚርታሌ በሩን እያየች ነበር። «ሲያያቸው አይተኸዋል?» አለችው። «እንደ ሰው አላያቸውም። ገበያ ቆሞ በግ እንደሚመርጥ ሰው ነው ያያቸው።»

«አይ አንቺ! አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበልሽ።»

በጋው እየገፋ ሲሄድ ነገሩ ሁሉ እንግዳ ሆነ። ከእስያ ዳርቻ የሚመጣው እንጨት ቀረ። እንጨቱን የሚያመጡት መርከቦችም ቀሩ። አንድ ማለዳ ባዶ ጀልባ ቀዛፊ ሳይኖራት ማዕበል እየገፋት ወደብ ገባች፤ ወለሏ ላይ የአንድ እግር ጫማ ብቻ ነበር። የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ቀስ በቀስ ጣልያኖቹ የሮማ ልብሳቸውን እያወለቁ የግሪኮቹን ባለ አራት ማዕዘን ኩታ መልበስ ጀመሩ። በገበያው ከፍ ባለ ድምፅ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ትሬቢዩስ ብቻ እንደ ድሮው ለብሶ፣ እንደ ድሮው እየጮኸ ይዞር ነበር።

በአንድ ከሰዓት ትሬቢዩስ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በእስያ ዳርቻ ዘይቱን የሚሸጥለት ሳልቪዩስ የሚባል ሰው በሱቁ በር ገባ። ከባሕር ወለል ስፖንጅ በሚለቅሙ ጠላቂዎች ጀልባ ተደብቆ ነው የመጣው። ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል። ሚርታሌ ውኃ ሰጠችው፤ ጠጣና ማውራት ጀመረ።

«በአንድ ቀን ነው» አለ። «በየከተማው፣ በአንድ ቀን። የንጉሡ ትእዛዝ ነው። ከጣልያን የመጣ ሁሉ፤ ሴትም፣ ሕፃንም። ቤተ መቅደስ ገብተው ሐውልት ያቀፉትን ሳይቀር ጣታቸውን እያላቀቁ አወጧቸው።»

«ኩታ አልለበሳችሁም ነበር?» አለ ሌውኮን።

«ለብሰናል። ግሪክኛም ተናግረናል። የከተማው በር ላይ ግን ፀጉር አስተካካያችን ቆሞ ነበር። ሁላችንንም ሲላጭ የኖረ፤ እየቀለደ። ፊታችንን ያውቀዋል። ‹ይኼ› ይላል፤ ‹ይኼ አይደለም› ይላል። ‹ይኼ› ያለውን ይወስዱታል። እኔን ሲያየኝ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ እስካሁን አላውቅም።»

ሌውኮን ቀስ ብሎ ወደ መደርደሪያው ዞረ። ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ያዩታል። ኪንታሮቱ፣ ሽብሽቡ፣ የተንሸዋረረው ዓይን፣ አንድ ሳይቀር። በገዛ እጁ ነው የሠራቸው።

ሚርታሌ ሳልቪዩስን ልታስተኛው ወደ ጓዳ ስትወስደው፣ ሌውኮን ትሬቢዩስ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ ይሂዱ። ዛሬውኑ። ሌሎቹንም ይንገሯቸው።»

«ተነሣ አንተ፣ አታሳፍረኝ። የት ነው የምሄደው?»

«ወደ ሬንያ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ በሚሄድ በማንኛውም ጀልባ። ያ ሰውዬ ጭቃዎቹን ለምን እንደፈለጋቸው አሁን ገባኝ።»

«እዚህ ሰው አይሞትም» አለ ትሬቢዩስ። እየቀለደ አልነበረም። «ሕግ ነው። ከአያቶቻችሁ ዘመን ጀምሮ በዚህ አፈር ላይ ነፍሱ የወጣ ሰው የለም። ንጉሥ ቢሆን አፖሎንን ይፈራል።»

«ሕግ የሚጠብቀው የሚፈራውን እኮ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔን ይጠብቀኛል፤ እኔ እፈራለሁ።» ተነሣ። «ሌሎቹን እነግራቸዋለሁ። እኔ ግን ፊቴን ደብቄ የምሮጥ ሰው አይደለሁም። ቆሜ የተሠራሁ ነኝ።»

ሲወጣ ሚርታሌ ተመለሰች። «ሰባብራቸው» አለች።

«ከዚያስ? መጥቶ ባዶ መደርደሪያ ሲያገኝ ምን እለዋለሁ? ቤታችንን ያውቃል። አንቺን ያውቅሻል።»

ሌውኮን ብዙ አሰበ። ከዚያ ጨርቅ በውኃ ነክሮ የመጀመሪያውን ራስ ጠቀለለው። ሁሉንም እንዲሁ። ጭቃ ካልተተኮሰ ምንጊዜም ጭቃ ነው፤ በማግስቱ ለጣት ለስልሶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍቶ፣ መንገደኛው እንደማንኛውም ቀን ሥራ ላይ እያየው፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ማደስ ጀመረ። የጉንጩን መስመር ሞላ። ከሥሩ ቆዳው የተንጠለጠለውን ዓይን አነሣ። መላጣውን ጠጉር አለበሰው። ጣቶቹ የኤርጊኖስን መንገድ አልረሱም ነበር።

ሚርታሌ ውኃ እያቀበለችው «ይህ ማን ነበር?» ትለዋለች።

«አሁን ማንም አይደለም።»

የትሬቢዩስ ተራ ሲደርስ እጁ አልታዘዝ አለ። ሚርታሌ ሳትናገር እጇን በእጁ ላይ አደረገች፤ አብረው ገፉት። መስመሩ ጠፋ።

የገበያው ሐውልት ግን ቀርቷል። ሌሎቹ ቀራጺዎች የሠሯቸው ሐውልቶች ፊታቸው የለሰለሰ ነው፤ ማንንም አይከዱም። የትሬቢዩስ ግን ሌላ ነው። የሐውልቱ ራስ ለብቻው ተቀርጾ በአንገቱ ጉድጓድ ውስጥ የተተከለ ስለነበር፣ ሌውኮን መሰላል አቁሞ ወጣ። ለጠባቂው «ቀለሙን ላድስ ነው» አለው። ራሱን በገመድ አወረደው፣ በከረጢት ጠቅልሎ በአህያ ጫነው። ከወደቡ ራቅ ካለው አለት ላይ፣ ከከረጢቱ አውጥቶ ወደ ጥልቁ ለቀቀው። ነጩ ፊት ወደ ላይ እያየ ሰጠመ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ያ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ትሬቢዩስ እንደ ማዕበል ገባ።

«ራሴ የት አለ?»

«ጋሼ…»

«ራሴን አምጣ! ገበያው መሐል ሬሳ አቁመህብኛል! ልጆች ከበውት ይስቃሉ፤ በኔ ላይ…» ድንገት አቆመ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ወረደ። «መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። አንዷ ሕፃን አየችኝ፤ ከዚያ ሐውልቱን አየችው፤ ማልቀስ ጀመረች።» አንገቱን በእጁ ዳሰሰ። «ጉድጓድ ነው ያለው።»

ሌውኮን ውኃ ቀድቶ ሰጠው።

«ወደ ሬንያ የምትሄደው ጀልባ መቼ ትነሣለች?» አለ ትሬቢዩስ።

ወዲያው ከወደቡ በኩል ቀንደ መለከት ተነፋ። ሚርታሌ ወደ በሩ ሮጣ አየችና ተመለሰች። «መጥተዋል» አለች። «ባሕሩ አይታይም፤ ሸራ ብቻ ነው።»

ትሬቢዩስን ከሳልቪዩስ ጋር ጓዳ ደበቋቸው። ብዙም ሳይቆይ ሄርማዮስ ከወታደሮች ጋር ደረሰ። ንጹሕ ነው፤ ሰርግ የሚሄድ ይመስላል።

«አንድም አልጎደለም?»

«አንድም ጌታዬ።»

ሄርማዮስ በእርጥብ ጨርቅ ከተጠቀለሉት ራሶች አንዱን አነሣ። «ከበደ። ደግሞ እርጥብ ነው።»

«ደረቅ ጭቃ መንገድ ላይ ይሰባበራል። ጨርቁን አይግለጡት፣ ነፋስ ካገኘው ይሰነጠቃል።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከውጭ ሌላ መለከት ተነፋ። «አከፋፍሏቸው» አለ ሄርማዮስ ለወታደሮቹ፣ «በየመውጫው። የሚመስለውን ያዙ።» ወጣ። መክፈሉንም አላሰበውም፤ ሌውኮንም አልጠየቀ።

ሳልቪዩስ ኩታውን ተከናንቦ በጓሮ ወጣ፤ «እኔን እዚህ የሚያውቀኝ የለም» ብሎ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተቀላቀለ። ትሬቢዩስን ግን በቃሬዛ አስተኝተው እስከ ግንባሩ ሸፈኑት። ሚርታሌ ጠጉሯን ፈታች፣ አመድ ነሰነሰች፣ ማልቀስ ጀመረች። ማስመሰል አልነበረባትም። ጥቁሯ ጀልባ ዘንድ ሲደርሱ ቀዛፊው ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቅ ቦታ ሰጣቸው። መውጫው ላይ ግን ሁለት ወታደሮች ቆመዋል፤ አንደኛው በክንዱ የጭቃ ራስ ታቅፏል።

«ገልጡት» አለ።

«ነውር ነው!» አለ ቀዛፊው። «ሊሞት ያለ ሰው ነው!»

«ለንጉሡ ነውር የለበትም።» ጨርቁን በጦሩ ጫፍ አነሣው።

ትሬቢዩስ ዓይኑን ጨፍኗል። ፀሐይዋ በመላጣው፣ በኪንታሮቱ፣ በመስመሮቹ ላይ አረፈች። ወታደሩ ጭቃውን ከፍ አደረገ፤ ወፍራም ጠጉር ያለው፣ አፍንጫው የቀና ውብ ጎረምሳ። ከጎረምሳው ወደ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ወደ ጎረምሳው ተመለከተ።

«ማን ነው ይህ?»

«አባቴ ነው» አለ ሌውኮን።

«አባትህን በሬ ሳይሆን አይቀርም ያረሰው!» ወታደሮቹ ሳቁ። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ እዚህ ሳይሞትብን።»

የትሬቢዩስ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ስድብ እየዋጠ ነበር። ጀልባዋ ከድንጋዩ ተላቀቀች።

ጥቂት እንደራቁ ሌውኮን ዞሮ አየ። ሶሲስ የሚባለው ትግል የሚገጥም ወጣት፣ የዓሣ ሻጯ ልጅ፣ በመውጫው ሊያልፍ ደርሷል። ወታደሩ ጭቃውን ከፊቱ አጠገብ ያዘ። ጓደኛውን ጠራ። «ይኼ ነው!» የሚለው ድምፅ በውኃው ላይ ተሰማ።

ሶሲስ ሳቀ። «መልኬን ማን ሠራው? ትሸጡታላችሁ?»

የማንም ያልሆነ ፊት ለማንም ሊሆን እንደሚችል ኤርጊኖስ አልነገረውም ነበር። ሌውኮን ተነሥቶ ቆመ። ሚርታሌ ልብሱን ጨመደደችው።

«ወዴት ነው?»

«ልጁ እናት አለችው ሚርታሌ።»

«እኔስ ባል የለኝም?»

ሌውኮን እጇን ሳመ። «ጋሼን አድርሺልኝ።»

«ተቀመጥ አንተ ጭቃ አቡኪ!» አለ ትሬቢዩስ ከጨርቁ ሥር።

«ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ አይሳደብም ጋሼ» አለና ዘለለ። ውኃው እስከ ወገቡ ነበር።

ወታደሮቹ ሶሲስን እጁን ጠምዝዘውት ነበር፤ ሳቁ ጠፍቷል። ሌውኮን ውኃ እያንጠባጠበ መጥቶ «ስጡኝ» አለ። «የሠራሁት እኔ ነኝ።» ወታደሩ ከመገረሙ የተነሣ ሰጠው። ሌውኮን ተንበረከከና ጭቃውን ባሕር ውስጥ ነከረው፤ በመዳፉ አሸው። አፍንጫው ቀድሞ ሄደ። ከንፈሩ ተከተለ። ቅንድቡ ሟሟ። ባሕሩ ቡናማ ሆነ፤ እጁ ላይ የቀረው ድቡልቡል አፈር ነው።

«ይኸው። ማንም አልነበረም። ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ማንን እንደምትይዙ አታውቁም።»

ወታደሮቹ ተያዩ። የያዙት እጅ ላላ። «ሂድ አንተ፣ እናትህ ትጠራሃለች!» ብሎ ሌውኮን ጮኸበት፤ ሶሲስ በመረቦቹ መካከል ተሹለክልኮ ጠፋ።

ሌውኮንን ወደ ሄርማዮስ መርከብ ወሰዱት። ሄርማዮስ ወለሉ ላይ ቆሞ ወደ ከተማው ይመለከት ነበር። ከገበያው በኩል የመጀመሪያው ጭስ መነሣት ጀምሯል፤ ሰው የሚሞትባት ደሴት ሆነች። የሰዎች ጩኸት እስከ መርከቡ ይደርስ ነበር።

«አታለልከኝ» አለ ሄርማዮስ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ጭቃ አምጡለት። የዘይት ነጋዴውን ሥራልኝ፤ መላጣውን። እንደነበረ። አሁን።»

ሌውኮን ጭቃውን ተቀበለ። በሄርማዮስ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጠባቡን ባሕር ያያል፤ ጥቁሯ ጀልባ መሐል ላይ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ማንኛዋም ፈጣን መርከብ ትደርስባታለች። ጭቃውን ቀስ ብሎ ማቡካት ጀመረ። ቀና ይላል፣ ይጎነበሳል፣ ይሠራል። ሄርማዮስ፣ ሰውየው ለማስታወስ ነው ቀና የሚለው ብሎ ዝም አለው። ሌውኮን ያን ያህል አስተውሎ ሠርቶ አያውቅም። ከዓይን በታች ያለውን ጥላ፣ የተጣበቀውን ከንፈር፣ ጭሱን ሲያይ አፍንጫው ግራና ቀኝ የምትሰበሰበዋን ቀጭን ክር፣ ምንም አላስቀረም። ምንም አልጨመረም።

ሲጨርስ በሁለት እጁ አቀረበለት።

ሄርማዮስ ጭቃውን ተቀበለና አየ። የገዛ ፊቱ ነበር፤ በዚያች ሰዓት የነበረው ፊቱ።

«እንዲህ ነኝ?» አለ።

«ዛሬ እንዲህ ነዎት ጌታዬ።»

ሄርማዮስ አልጮኸም፤ ወታደርም አልጠራም። የጭቃ ራሱን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ምን እንደሚያዝዝ ሌውኮን አያውቅም ነበር። ሬንያ ዳርቻ ላይ ግን ጥቁሯ ጀልባ አሸዋ ነክታለች። አንድ ሽማግሌ ጨርቁን ገፎ ተነሣና በአንዲት ሴት ትከሻ ተደግፎ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመረ። ከዚያ ርቀት ፊታቸው አይለይም። ሌውኮን ስለዚህም ጭምር ፈጣሪውን አመሰገነ።